ፊደሉን በቁጥሩ መጥራት፦ «አልት ኤክስ» በነገሌ ቦረና

ወርድ ላይ 1362 ብላችሁ ጻፉና አልትን ይዛችሁ ኤክስን ንኩ። አራቱ አኃዞች ይጠፋሉ፤ በቦታቸው አራት ነጥብ ይቀመጣል። ፎንት መምረጥ፣ ኪቦርድ መቀየር፣ ከኢንተርኔት ፕሮግራም ማውረድ አያስፈልግም። ከወርድ 2002 ጀምሮ እዚያው ፕሮግራሙ ውስጥ ያለች አገልግሎት ናት። ሆኖም የራሷ ቁልፍ የላትም፤ የሲምቦል ሣጥኑን ከፍቶ ከታች በደቃቁ የተጻፈውን ያላነበበ ሰው መኖሯንም አያውቅም። ብዙ ዓመት በኮምፒውተር ጽሕፈት እንጀራ የበሉ ሰዎች ሳይቀሩ ሲያዩዋት ይገረማሉ።

ይህ ዳሰሳ በእሷ ላይ ነው። የምመዝናት ግን በአዲስ አበባ ቢሮዎች ሳይሆን በነገሌ ቦረናና ከዚያ ወደ ደቡብ በተዘረጉት የቆላ ከተሞች፣ «ኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» የሚል ጽሑፍ በተለጠፈባቸው ጠባብ ክፍሎች ውስጥ ባለው ሥራ ነው። ቦታው ለእንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ ከባድ ፈተና ነው። አዲስ አበባ ያለ ጸሐፊ ቀኑን ሙሉ በአንድ ፊደል ሊውል ይችላል። ነገሌ ያለችው ጸሐፊ ግን ለወረዳው የሚገባውን ደብዳቤ በአፋን ኦሮሞ በቁቤ ትጽፋለች፤ ለፌዴራል መሥሪያ ቤት የሚላከውን ማመልከቻ በአማርኛ ትጽፋለች፤ ከፊልቱ ወይም ከዶሎ አዶ የመጣ ነጋዴ ደግሞ የሶማልኛ ውል ይዞ ይቀመጣል። ያቤሎና ሞያሌም እንደዚያው ነው። ቁቤ በ1984 ዓ.ም. የላቲንን ፊደል ይዞ ሥራ ጀመረ፤ ሶማልኛም ከ1972 እ.ኤ.አ. ወዲህ በላቲን ይጻፋል። ስለዚህ አንዱ ኪቦርድ ሁለት ፊደልና ሦስት ቋንቋ ያስተናግዳል ማለት ነው። አንዱ ሲበራ ሌላው ይጠፋል፤ ሳይጠፋ የቀረው ደግሞ የቁቤው ደብዳቤ መካከል ላይ የግዕዝ ፊደል ያስገባበታል።

ቁጥሮቹ ከየት መጡ? ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛ ዕትሙ የግዕዝን ፊደል ሲያስገባ ለ345 ምልክቶች መለያ ቁጥር ሰጠ። በኋላ የተጨመሩት ሲደመሩ በዋናው ክፍል ዛሬ 358 ናቸው፤ ለሌሎች የኢትዮጵያና የኤርትራ ቋንቋዎች ፊደላትም ተጨማሪ ክፍሎች ተከፍተዋል። አቆጣጠሩ አሥራ ስድስታዊ ነው፤ ከ9 በኋላ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ይከተላሉ። ይህን ሲሰሙ ብዙዎች ይሸሻሉ። ሰንጠረዡን ቀርቦ ያየ ግን በቄስ ትምህርት ቤት ወይም በአንደኛ ክፍል ግድግዳ ላይ የለመደውን ገበታ ነው የሚያገኘው። ሀ 1200 ነው፣ ሁ 1201፣ ሂ 1202፤ እስከ ሆ እንዲህ ይሄዳል። እያንዳንዱ ቤተሰብ ስምንት ስምንት መቀመጫ ተሰጥቶታል። ለ 1208 ላይ ይጀምራል፣ መ 1218 ላይ፣ በ 1260 ላይ፣ ነ 1290 ላይ። ነ 1290 መሆኑን የያዘ ሰው ኖ 1296 እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ቆጥሮ ይደርስበታል። መዝገቡን የሠሩት ሰዎች የፊደሉን ሥርዓት አክብረው መሥራታቸው የሚያስመሰግን ነው። ኮዱ ባዕድ ቢመስልም ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ቅደም ተከተል ጠብቆ የሚሄድ ነው።

በዚህች አገልግሎት ረጅም ጽሑፍ የሚጽፍ የለም፤ መጻፍም የለበትም። ለዚያ ኪይማን የሚባለው የኪቦርድ ፕሮግራም አለ። ኪይማን ላይ የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ያዘጋጃቸው የአማርኛና የሌሎች ቋንቋዎች ኪቦርዶች ይገኛሉ፤ ፕሮግራሙ በ2015 እ.ኤ.አ. ኤስ አይ ኤል በተባለው ድርጅት እጅ ገብቷል፤ ዛሬ በነጻ ይወርዳል። በላቲን ድምፅ እየመቱ በግዕዝ ፊደል መጻፍ ለለመደች እጅ ከእሱ የሚፈጥን የለም። «አልት ኤክስ» የምታስፈልገው ኪቦርዱ እምቢ ሲል፣ ወይም ምልክቱ የት ቁልፍ ላይ እንደተደበቀ ሲጠፋ ነው። የሠርግ መጥሪያ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሙሽሮቹ ዓመተ ምሕረቱን በግዕዝ ቁጥር ይፈልጋሉ፤ ፳፻፲፯ ተብሎ እንዲጻፍ። ጸሐፊዋ የግዕዝ ቁጥር የሚያወጣውን ቁልፍ አታስታውስም፤ ከድሮ መጥሪያ ላይ ኮፒ አድርጋ ትለጥፋለች። በኮድ ግን ሥራው አራት ምት ነው፦ 1373፣ 137ቢ፣ 1372፣ 136ኤፍ። እያንዳንዱን ጽፎ አልት ኤክስን መንካት ብቻ። ከ፲ እስከ ፹ ያሉት ዐሥሮች ከ1372 እስከ 1379 በተርታ ስለሚሄዱ የመጀመሪያውን የያዘ ሁሉንም ያዘ።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ጎኗን ላንሳ። ዊንዶውስ ላይ በኮድ መጻፍ ሲባል ብዙ ሰው የሚያውቀው አልትን ይዞ በኪቦርዱ ቀኝ በኩል ባሉት የቁጥር ቁልፎች መምታትን ነው። ያ መንገድ ለነገሌ አይሆንም። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ሥራው የሚሠራው በላፕቶፕ ነው፤ ትንንሾቹ ላፕቶፖች ደግሞ እነዚያ የቀኝ ቁልፎች የሏቸውም። ቁልፎቹ ቢኖሩም መንገዱ አስተማማኝ አይደለም። የአራት ነጥብ ቁጥር በተለመደው አቆጣጠር 4962 ነው። አልትን ይዞ ይህን የመታ ሰው ወርድ ላይ አራት ነጥብ ያገኛል፤ በድሮው ኖትፓድ ላይ ግን ትንሿን የላቲን ቢ ያገኛል። ምክንያቱ ኖትፓዱ ቁጥሩን ለ256 አካፍሎ ቀሪውን ብቻ መውሰዱ ነው፤ ቀሪው 98 ነው፣ 98 ደግሞ የቢ ቁጥር ነው። «አልት ኤክስ» ይህ ችግር የለባትም። ከላይ ባሉት ተራ ቁጥሮች ትሠራለች፣ ያሉትንም ታደርጋለች።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን ስለ ትንሹ ጥቅሟ ነው። ይህችን አገልግሎት ከሌሎቹ የኮድ መጻፊያዎች ሁሉ የማስበልጣት ወደ ኋላም ስለምትሠራ ነው። ጠቋሚውን ከአንድ ፊደል ቀጥሎ አድርጋችሁ አልት ኤክስን ንኩ፤ ፊደሉ ወደ ቁጥሩ ይመለሳል። እንደገና ንኩ፤ ፊደል ይሆናል። በሌላ አነጋገር ፊቱን ብቻ የምናየውን ፊደል ውስጡ ምን እንደሆነ ታሳያለች። የነገሌ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚያስፈልገውም ልክ ይኸው ነው።

አንድ ሽማግሌ ፍላሽ ይዘው ይመጣሉ እንበል። ከዓመታት በፊት ሌላ ከተማ የተጻፈ የመሬት አቤቱታ ነው። «ልጄ፣ ቀኑን ብቻ አድሺልኝ» ይላሉ። ፋይሉ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት የተዘበራረቀበት ገጽ ይወጣል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ «ፋይሉ ተበላሽቷል» የሚል ነው፤ ሽማግሌውም ሙሉ አቤቱታውን ለማስጻፍ እንደገና ይከፍላሉ። ፋይሉ ግን አልተበላሸም። ዩኒኮድ ከመስፋፋቱ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች የግዕዙን ፊደል ያስቀመጡት በላቲን ፊደላት ቁጥሮች ላይ ነበር። አንድ ፎንት ከ256 በላይ ቦታ ስላልነበረው ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንቶች ከፋፍለው ያከማቹት ነበር። ፎንቱ ካለ ገጹ ያማረ አማርኛ ነው፤ ከሌለ ዝብርቅርቅ ነው። እነዚያን ፎንቶች አላናንቅም። የግዕዝን ፊደል በኮምፒውተር ላይ ያቆሙት እነሱና ሠሪዎቻቸው ናቸው፤ ያለ እነሱ የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ ዓመታት መጽሔትና መጽሐፍ አይታሰብም። ዛሬ ጸሐፊዋ ማወቅ ያለባት ግን የያዘችው ፋይል የትኛው ዓይነት እንደሆነ ነው። ከአንዱ ፊደል ቀጥላ አልት ኤክስን ትነካለች። የወጣው ቁጥር በ12 ወይም በ13 ከጀመረ እውነተኛ የግዕዝ ፊደል ነው፤ ችግሩ ፎንት ብቻ ነው። በሁለት ዜሮ ወይም በኤፍ ዜሮ ከጀመረ የድሮ ፎንት ጭምብል ነው፤ ፎንቱን መጫን ወይም ወደ ዩኒኮድ መቀየር ያስፈልጋል። አንድ ምት የአንድ ሰው አቤቱታ ድጋሚ እንዳይጻፍ ታደርጋለች።

አራት ነጥብም በዚሁ ምርመራ ይፈተናል። በየመሥሪያ ቤቱ ከሚዞሩት የአማርኛ ፋይሎች በብዙዎቹ ውስጥ ያለው አራት ነጥብ ሁለት ነጥብን ሁለቴ በመምታት የተሠራ ነው። አንዳንዱ ኪቦርድ ሁለቱን ወደ አንድ አራት ነጥብ ይለውጣቸዋል፤ አንዳንዱ እንዳሉ ይተዋቸዋል። በወረቀት ላይ ልዩነቱ ለዓይን አይያዝም። አልት ኤክስ ግን አንዱን 1362 ብላ ሌላውን 1361 ብላ ትለያቸዋለች። ዓረፍተ ነገር እየቆጠረ የሚሠራ ፕሮግራም፣ ጽሑፍ የሚያነብ ወይም የሚተረጉም ማሽን ሁሉ በሁለተኛው ይሰናከላል፤ የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ አያውቀውምና። አማርኛችን ወደ ማሽን ሲገባ ዓረፍተ ነገሩ የት እንደሚያልቅ ካልታወቀ ሌላው ሁሉ በቆመበት ይዛነፋል።

ከዚያ የስም ጉዳይ ይመጣል። የከተማዋ ስም ራሱ በአማርኛ ሁለት ዓይነት ይጻፋል፤ ነገሌ እና ነጌሌ። ገ 1308 ነው፣ ጌ 130ሲ ነው። ኤክሴል ላይ በከተማ የተደረደረ ዝርዝር ያለው ሰው ሁለት ከተማ ያገኛል። በ2015 ዓ.ም. ምሥራቅ ቦረና ዞን ተቋቁሞ ነገሌ መቀመጫው ስትሆን ቀድሞ በጉጂ ዞን ስም የተያዙ ዝርዝሮች ከአዲሶቹ ጋር መገናኘት ነበረባቸው፤ እንዲህ ባለ ጊዜ የአንዲት ፊደል ልዩነት ሥራ ያበዛል። የሰው ስም ደግሞ ከዚህም ይብሳል። «ሀ» ብለን የምንጠራው አንድ ድምፅ በስድስት ፊደል ይጻፋል፦ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። ቁጥራቸው 1200፣ 1203፣ 1210፣ 1213፣ 1280፣ 1283 ነው። ፀጋዬ በ1340 ይጀምራል፣ ጸጋዬ በ1338። ለሰሚው አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት። አልት ኤክስ ይህን አታስተካክልም። የስም አጻጻፍ የባለቤቱና የመዝገብ ጉዳይ ነው፤ መሣሪያዋ የምትችለው ሁለቱ ለምን እንዳልተገናኙ ማሳየት ነው። «ሲስተሙ አላገኘህም» ተብሎ ለተመለሰ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ጉድለቷ። የመጀመሪያው ለሁሉም ግልጽ ነው፤ ከወርድና ከጥቂት ዘመዶቹ ውጭ የለችም። ኤክሴል ላይ አትሠራም፤ እዚያ ዩኒቻር የሚባለውን ፎርሙላ በተለመደው አቆጣጠር ቁጥር መጻፍ ግድ ነው። ስልክ ላይ ጭራሽ የለችም። በእነዚህ ከተሞች አብዛኛው ጽሑፍ ዛሬ በቴሌግራም ተጽፎ ነው ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚደርሰው፤ ጥፋቱም አብሮ ይመጣል። ሁለተኛው፣ ኮዱ ውስጥ የላቲን ፊደል ካለ የአማርኛውን ኪቦርድ ማጥፋት ይጠይቃል፤ አለዚያ 130ሲ ሊጻፍ ሲታሰብ ከአኃዞቹ ቀጥሎ የግዕዝ ፊደል ይወጣል። በአኃዝ ብቻ የተሠሩት ኮዶች ከዚህ ነጻ ናቸው። ደግነቱ ሥርዓተ ነጥቦቹ ሁሉ፣ ከሁለት ነጥብ እስከ ጥያቄ ምልክቱ ፧፣ ከ1361 እስከ 1367 በአኃዝ ብቻ ይሄዳሉ።

ሦስተኛው ጉድለት ከሁሉ የከፋው ነው፤ በተለይ የሚጎዳውም ኦሮምኛ ጸሐፊውን ነው። አልት ኤክስ ስትነካ ወርድ ከጠቋሚው ወደ ኋላ እየሄደ የኮድ አካል ሊሆን የሚችለውን ሁሉ ይሰበስባል። አኃዝ ይወስዳል፤ ከኤ እስከ ኤፍ ያሉትን ፊደላትም ይወስዳል። በግዕዝ ጽሑፍ መካከል ችግር የለም፤ ከኮዱ በፊት ያለው የግዕዝ ፊደል ስለሆነ እዚያ ይቆማል። ቁቤ ግን በላቲን ነው፤ ቃላቱ በአብዛኛው በአናባቢ ያልቃሉ፣ ከአናባቢዎቹ ሁለቱ ኤ እና ኢ ደግሞ የኮድ ፊደላት ናቸው። ቦረና ውስጥ በየቀኑ የሚጻፍ አንድ ቃል ልውሰድ፤ ፍየል፣ ሬኤ። በቁቤ አር፣ ኢ፣ ከዚያ ሁዻ የሚባለው የማቋረጫ ምልክት፣ ከዚያ ሁለት ኢ ነው። ሁዻውን በመዝገቡ ለፊደልነት በተመደበው ቁጥር፣ በ02ቢሲ፣ ለመጻፍ የፈለገ ሰው አር እና ኢን ጽፎ 02ቢሲ ይጨምርና አልት ኤክስን ይነካል። ወርድ ከኋላ ያለችውን ኢ ጭምር ጠቅልሎ ኢ02ቢሲ ብሎ ያነበዋል። በዚያ ቁጥር የተመደበ ምልክት የለም። ኢ ትጠፋለች፣ በቦታዋ ባዶ ሣጥን ይቀራል። ዛሬ ለማለት ሃርኣ ሲጻፍ ግን ከሁዻው በፊት ያለችው አር የኮድ ፊደል ስላልሆነች ሁሉም ይሠራል። አንዱ ቃል ይሠራል፣ ሌላው ይበላሻል፤ ጸሐፊዋም ምክንያቱን ሳታውቅ መሣሪያውን ትጥላለች። መፍትሔው ኮዱን ብቻ በማውስ መርጦ ከዚያ አልት ኤክስን መንካት ነው። ይህን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ማሳወቅ የነበረበት ደግሞ ራሱ ፕሮግራሙ ነበር። በእንግሊዝኛ ታስቦ የተሠራ ነገር ነው፤ በላቲን ፊደል፣ ግን በሌላ ቋንቋ የሚጽፍ ሕዝብ አልታሰበም።

ስለ ፊደል ካነሳን ዸን ሳልጠቅስ አላልፍም። ቁጥሯ 12ኤፍ8 ነው፤ በዩኒኮድ መዝገብ ውስጥ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለችው ለኦሮምኛ ድምፅ ነው። ኦሮምኛ በግዕዝ ፊደል የተጻፈበት ረጅም ዘመን አለ፤ የኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. በዚህ ፊደል ነበር የታተመው፣ በሪሳ ጋዜጣም ወደ ቁቤ እስኪዞር ድረስ በዚሁ ፊደል ይወጣ ነበር። ዛሬ የቦረናው የዻስ ወረዳ ስም በአማርኛ ደብዳቤ ሲጻፍ «ዳስ» ይባላል፤ ለአማርኛ አንባቢ ዳስ የድግስ ድንኳን ነው። በኮድ የምትጻፍ አንዲት ፊደል የቦታን ስም በድምፁ ማስቀመጥ ስትችል አለመጠቀማችን ያሳዝነኛል። አንባቢው መጀመሪያ ሊደናገር ይችላል፤ ግን ለቦታና ለሰው ስም ያህል መልመድ አይከብድም።

ወደ ሁዻ ልመለስ፤ ሥራ ላይ ያለው ትልቁ ጣጣ እሱ ነውና። ምልክቱ በሦስት ቁጥር ይመጣል። ከስልክ የመጣው ብዙ ጊዜ 0027 ነው፣ ቀጥ ያለችው። ወርድ ላይ የተመታችው ሳይጠይቅ ወደ 2019 ትዞራለች፣ ወደ ጎበጠችው። በመዝገቡ ለፊደል የተመደበችው 02ቢሲ በሥራ ላይ ብዙም አትታይም። በሶማልኛ ያለውም ምልክት እንዲሁ ነው። ወርድ በፍለጋ ጊዜ ቀጥ ያለችውንና የጎበጠችውን አንድ አድርጎ ስለሚያገኛቸው ልዩነቱ ይሸፈናል፤ ዝርዝሩ ወደ ኤክሴል ሲገባ ግን አንዱ ስም ከሌላው አይገናኝም። አልት ኤክስ ይህን በሁለት ምት ታጋልጣለች፤ ያጠራጠሩ ሁለት ስሞች ላይ ብትሞከር ቁጥሮቹ ራሳቸው ይናገራሉ።

በደንቡ 02ቢሲ ትክክለኛዋ ናት። እኔ ግን ለነገሌ፣ ለያቤሎና ለሞያሌ ፎቶ ኮፒ ቤቶች የምመክረው 0027ን ነው። ስልኩ የሚያወጣው እሷን ነው፣ ኤክሴል ላይ በቀጥታ የምትመታውም እሷ ናት፤ አንድ ዓይነት ሆኖ መገኘት ለባለጉዳይ ከደንቡ ይበልጣል። ሥራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፦ ወርድ ላይ ፋይል፣ ከዚያ ኦፕሽንስ፣ ፕሩፊንግ፣ ኦቶኮሬክት ኦፕሽንስ ገብቶ፣ ስትሬት ኮትስን በስማርት ኮትስ የሚለውጠውን መስመር ከ«ኦቶፎርማት አዝ ዩ ታይፕ» ገጽ ላይ ማጥፋት። ከዚያ በፊት የተጻፉት የጎበጡ ሁዻዎች ደግሞ በፋይሉ ውስጥ ስላሉ እያንዳንዱ ዝርዝር ወደ ኤክሴል ከመግባቱ በፊት አንድ ሁለቱን በአልት ኤክስ መፈተሽ፣ 2019 ከወጣም በሪፕሌስ ሁሉንም መቀየር ያስፈልጋል።